ሰላሳ አንደኛው ስላይድ

ሸጊቱ ለሜሳ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከሕመምተኞች የተወሰደና በሰም የተያዘ ናሙና ከፀጉር አቅጥና መቁረጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ላብራቶሪው አንድ ጥናት ጀምሯል። የማንቁርት ካንሰር ገና በጅምሩ ተገኝቶባቸው ከዓመታት በፊት በጨረር የታከሙ የሰላሳ ሰዎች ናሙና ከመደርደሪያ ወጥቷል። ጥያቄው፣ ዕጢው ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ጨረር ማንን እንደሚያድንና በማን ላይ በሽታው እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጠቁማል ወይ የሚል ነው። ሸጊቱ ከፕሮቲኑ ጋር ብቻ የሚጣበቅ ፈሳሽ ታንጠባጥባለች፤ ፕሮቲኑ ካለ ናሙናው ቡናማ ይሆናል። ማን እንደዳነ አልተነገራትም። ናሙናው የተለጠፈባቸው ስስ መስታወቶች፣ ስላይዶቹ፣ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሰላሳ አንደኛ ስላይድ ጨመረች። የአባቷ ነበር።

አቶ ለሜሳ ፉሪ ተወልደው ፉሪ ያረጁ ሰው ናቸው። እርሻቸው ሰፈር ከሆነ ወዲህ ሦስት ላሞች ያልባሉ፣ ፉርሽካና ጭድ ይሸጣሉ። ከፋሲካ በኋላ ድምፃቸው ሻከረ፤ ሐኪም ማንቁርታቸው ውስጥ፣ የድምፅ አውታራቸው ላይ፣ ትንሽ የካንሰር ዕጢ አገኘ። ከዕጢው የተቆረሰው ናሙና ለምርመራ የመጣው ሸጊቱ ወደምትሠራበት ላብራቶሪ ነበር። ስድስት ሳምንት ጨረር ወይስ ቀዶ ሕክምና? እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለባቸው።

ስላይዱ ቡናማ ሆነ፤ ቡናማውም ጠቆረ። ሸጊቱ የታጠበ ዕቃ ደግማ አጠበች። ማታ ሐና ማርያም ላይ ከታክሲ ያለፌርማታዋ ወርዳ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ ጥናቱን ለምትመራው ለዶክተር ጸደንያ ተናገረች። ዶክተሯ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየች።

«ጠቁሯል። መጥቆሩ ምን ማለት ነው ብለሽ ነው?»

«ጨረሩ አይሠራለትም ማለት መስሎኝ።»

«ማን አለሽ?»

ሁለት ሐኪሞች በሻይ ሰዓት ሲያወሩ የሰማችው ነበር።

«አንዱ ጥናት ፕሮቲኑ ካለ በሽታው ይመለሳል ይላል፣ ሌላው ልዩነት የለውም ይላል» አለች ዶክተሯ። « የታወቀ ቢሆን እኔና አንቺ እዚህ ምን እንሠራለን? ይህን ይዤ ሐኪማቸው ዘንድ ብሄድ ይስቅብኛል።»

«አባቴን ምን ልበለው?»

«የማታውቂውን አትንገሪው። ያለ ፈቃድ የሠራሽውን ደግሞ በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ከጥናቱም ትወጫለሽ።»

ቅዳሜ አቶ ለሜሳ ፉርሽካ ሲሰፍሩ ሸጊቱ ግቢው ውስጥ ትመላለሳለች።

«ተቀመጪ እንጂ፤ ልትወልድ የደረሰች ላም መሰልሽ» አሉ በሻከረ ድምፅ።

«አባዬ፣ ሥጋህን አየሁት።»

«ያዋጣል?»

አልሳቀችም። «ቀለም አደረግሁበት፣ ጠቆረ። ጨረሩ አይበጅህም ማለት ይሁን፣ ምንም ማለት አይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ዶክተሯም አታውቅም።»

መስፈሪያውን አስቀመጡ። «የማይታወቅ ከሆነ ለምን አየሽው?»

«አላስችል አለኝ።»

«አሁንስ?»

«ባሰብኝ።»

«በይ ለኔም አካፈልሽኝ።» እጃቸውን ከፉርሽካው አራገፉና፣ «ጨረሩ ባይሠራ ከዚያ ወዲያ መቀደድ ይቻላል?»

«ይቻላል። ያኔ ግን ድምፅህ ጭራሹን ሊሄድ ይችላል።»

«አሁን ብቀደድስ?»

«ድምፅህ ይጎዳል። ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙ ቁርጡን አልነገረንም።»

«እንግዲያስ ሁሉም አያውቅም» አሉና ወደ መስፈሪያቸው ተመለሱ።

ሰኞ ጨረሩን መረጡ። በሦስተኛው ሳምንት ጉሮሯቸው ቆሰለ፤ ድምፃቸው ከበፊቱም ብሶ ጠፋ። ሐኪሙ ይህ ከጨረሩ የሚጠበቅ ነው፣ ይሻላል አለ። ሸጊቱ አመነችው፤ ግን መቀመጥ አልቻለችም። የሰላሳዎቹ ውጤት ተቆጥሮ የሚያልቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ቢያልቅም የሌሎች ሰዎች ነው።

በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣቷ በፊት አባቷ ፊት ትቆማለች።

«እስኪ አንድ ነገር በል።»

«ሥራሽ ሂጂ» ይሏታል በሹክሹክታ።

አጎንብሳ ጆሮዋን ታስጠጋለች። «እስኪ ድገመው።»