ዘርፌና የትምባሆው ወሬ

በእኛ አገር በቤተ ልሔም ዙሪያ ዘርፌን የማታውቅ እናት የለችም። ስምንት ዓመት በእግሯ ዞራ፣ ከውሻ ጋር ታግላ፣ ከባሎች ጋር ተከራክራ አገሩን ክትባት ያስለመደች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መጀመሪያ ሰሞን «መርፌ ያመክናል» ብለው በር ዘግተውባታል፤ ኋላ ግን ልጅ ባሳለ ቁጥር ከጠበል ቀጥሎ የሚጠሩት እሷን ሆነ። ያን ሁሉ ልፋት ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በአንዲት ጉራ።

በ2005 ዓ.ም. ከምማርበት ውጭ አገር ለእረፍት መጣሁ። ምርምራችን የኢንፍሉዌንዛን ክትባት በተክል መሥራት ነበር። የትምባሆ ዘመድ የሆነ ተክል በቅጠሉ ውስጥ የቫይረሱን ልባስ የሚመስል ነገር እንዲሠራ እናደርገዋለን፤ ያ ተጣርቶ ክትባት ይሆናል ብለን ነው። ገና ሙከራ ላይ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ገብርኤል «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማረው?» አሉኝ። ሰው ከቦናል፤ አዋቂ መባል አማረኝ።

«ክትባት ከትምባሆ ቅጠል እናወጣለን፣ አባ።»

«ከትምባሆ?» አሉና አማተቡ።

የእኛ አገሩ ክትባት ሌላ ነው፣ ብዬ መጨመር ነበረብኝ። ምሳ ተጠርቼ ነበርና ተነሣሁ።

ሐሙስ ዕለት ዘርፌ የኩፍኝ ክትባት ይዛ ወይራው ሥር ተቀመጠች። ከመቶ በላይ ልጅ ስትጠብቅ አሥራ አንድ መጣላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ቀድሟታል። እናቶቹ ልጆቻቸውን የሚያስቆርቡ ናቸው፤ «የተወገዘ ቅጠል በደሙ የገባ ሕፃን እንዴት ብሎ ይቆርባል?» ተባብለዋል።

ማታውኑ ቤታችን መጣች። «እኔ ብነግራቸው አላመኑኝም። ወሬው ካንተ ነው የወጣው፤ የፊታችን እሑድ ደጀ ሰላም ቁምና አንተው አስተካክልልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። የሚያስቸኩል ጉዳይ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት ሆኖብኝ ነው። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ወር ኩፍኝ ገባ። ከወንዙ ማዶ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሐረገ ወይን የአራት ዓመት ልጇን ሩትን ቀበረች። ወሬውን ሰምታ ሳታስከትባት የቀረች ነበረች፤ ከማን እንደ ተነሣ ግን አታውቅም።

በዓመቱ ስመጣ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ዘርፌም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሐረገ ወይን እኔን ስታይ ልቅሶዋ አገረሸ፤ ወደ ዘርፌም ዞረች።

«ወንድሜስ ወደ ሩቅ አገር ተመልሶ ነበር፤ እሱ ቢኖር ያስረዳኝ ነበር። አንቺ ግን እዚሁ ነበርሽ! እጄን ይዘሽ ብትጎትችኝ ምን ነበረበት?»

ዘርፌ አንገቷን ደፋች። «እውነትሽን ነው እቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ወደ እኔ እንኳ አላየችም።

እኔም ዝም አልኩ። ሐረገ ወይን እስከ ዛሬ ዘርፌን ሰላም አትላትም። እኔ በመጣሁ ቁጥር ግን ዶሮ ወጥ ትሠራልኛለች፤ እበላለሁም።