ዘጠና ስድስት ፍየል

ሰቆጣ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ ታሪክ የሚያጠናውም ሕግ የሚያጠናውም የማያመልጠው አንድ የሳይንስና የሒሳብ ኮርስ አለ። የማስተምረው እኔ ነኝ። «እኛን ከቁጥር ጋር ምን አገናኘን?» የሚለውን አቤቱታ በየሴሚስተሩ ከመስማቴ ብዛት ጆሮዬ ደንዝዟል።

የሚያበግነኝ ግን አቤቱታው ሳይሆን ሽምደዳው ነው። ሰሌዳ ላይ አንድ ምሳሌ ሠርቼ ነበር፤ መቶ ፍየል ያለው ሰው በድርቁ ሃያ በመቶው ሞተበት፣ በዓመቱ ዝናብ ጥሎ የቀሩት ወለዱና ሃያ በመቶ ጨመሩ። ስንት ሆኑ? ዘጠና ስድስት። ለፈተና ፍየሎቹን በበግ ለወጥኳቸው፤ መቶውን ሁለት መቶ፣ ሃያ በመቶውን ሠላሳ አደረግኩት። ወረቀታቸውን ሳርም የግማሹ ክፍል መልስ «ዘጠና ስድስት ፍየል» ይላል። የጠየቅሁት ስለ በግ ነበር እኮ! እስክሪብቶዬን ወርውሬ ተነሣሁ።

ከሁሉም የባሰው ከዚሁ ከሰቆጣ አቅራቢያ፣ ከዝቋላ ወረዳ የመጣ አንድ ዲያቆን ነበር። ዳዊትን በልጅነቱ በቃሉ የያዘ የታሪክ ተማሪ ነው፤ ምሳሌዬን በመሐል ካሳልኩት ሳል ጋር ጽፎታል ብል አላጋነንኩም። ኮርሱን ሲወስድ ሁለተኛው ነው፤ አሁን ከወደቀ ይባረራል። ከተባረረ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ በሄደበት በባሕሩ መንገድ ወደ ሳዑዲ እንደሚሄድ ለጓደኞቹ ነግሯቸዋል። የወንድሙ ድምፅ ከሄደ ወዲህ አልተሰማም።

የድጋሚ ፈተናውን በቃል ልፈትነው ቢሮዬ ጠራሁት። የበጎቹን ጥያቄ ሳልጨርስ «መቶ ፍየል ያለው ሰው…» ብሎ ጀመረ። ደሜ ፈላ። በአማርኛ ያልኩትን ሁሉ ሸምድዶብኛል። እናቱ ፊቱ እንደተቀመጠች ቆጥሮ በቤታቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ሒሳቡን እንዲያስረዳት አዘዝኩት። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ የሚጽፈውን ግን አያለሁ።

እያወራ መቶ አርባ ጻፈ። ጎሽ። ቀጥሎ ሁለት መቶ ጻፈ። ሠላሳ በመቶ ቀንሶ ሠላሳ በመቶ ከጨመረ ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚለው፣ ስንት ጊዜ ለፍልፌበት ያልተነቀለ ስህተት! በቃ፣ ይሄ ልጅ ሄደ አልኩ በሆዴ።

እሱ ግን ወሬውን በመሐል አቋረጠ። ሁለት መቶውን ትክ ብሎ አየው፣ ሰረዘው፣ አጠገቡ መቶ ሰማንያ ሁለት ጻፈ። ለምን እንደሰረዘ ጠየቅሁት።

«እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር፣ መምህር» አለ። «የሞቱት አይወልዱም።»