አፉን ገጥሞ የሚያጉረመርመው ዳይኖሰር

ሠፈሩ ሁሉ «ነጎድጓድ» ይለዋል። በልጆች የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ትልቁን ዳይኖሰር ሆኖ የሚያገሳው እሱ ነበር፤ አፉን በርግዶ እንደ አንበሳ ሲያገሳ የስቱዲዮው መስታወት ይርገበገባል። ታዲያ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ያ ድምፅ ድራሹ ጠፋ። ከሚስቱ ጋር እንኳ መግባባት በእጅ ምልክት ሆነ። «ያን ሁሉ ዘመን ዝም በል ስልህ ሰምተኸኝ አታውቅም፤ አሁን ምን አስቸኮለህ?» እያለች ታስቀዋለች፤ ጓዳ ስትገባ ግን ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ባልደረቦቹን ሊሰናበት ስቱዲዮ ሄደ። ሲደርስ፣ የዳይኖሰሮቹን ስህተት እንድታርም የተጠራችው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ከድምፅ ቀራጺው ጋር ክርክር ይዛለች።

«እንደ አንበሳ አገሳ የሚያሰኝ ማስረጃ የለንም» አለች። «ምናልባት እንደ ሰጎን አፉን ገጥሞ፣ ከደረቱ ነው ያጉረመረመው።»

ነጎድጓድ ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ገጠመና ከደረቱ አጉረመረመ። የቀረችው ድምፅ ያቺው ጉርምርምታ ብቻ ነበረች። መስታወቱ ተርገበገበ።

«በቃ፣ ይኸው!» ብላ ተመራማሪዋ ከወንበሯ ዘለለች። ሊመርቃት ፈለገ፤ ቃሉ አልወጣ ሲለው እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው።

የድራማው አዲስ ክፍል በታየ ዕለት የልጅ ልጆቹ ቤቱን በጫጫታ ሞልተውታል። ዳይኖሰሩ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ብሎ ሲያጉረመርም ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«ዝም በሉ እናንተ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ድምፁንም ጨምሩት፤ ባሌ እያወራ ነው።»