ከቶኪዮ ዴልሂ፣ በእኔ ስሌት

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በስፌት መኪናዬ ላይ ተደግፌ ካነበብኳቸው አሮጌ መጻሕፍት ለቃቀምኩት። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለኛል። እያሾፉብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሲጠሩኝ ቶሎ ነው የምዞረው።

ልጃችን ቶኪዮ የስፌት መኪና ጥገና ተምራ ጨረሰችና ያስተማራት ድርጅት ዴልሂ መደባት። ቶኪዮ የሄደችው በቡድን ነበርና፣ ብቻዋን ስትበር የመጀመሪያዋ ነው። በዋዜማው ባለቤቴ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች፣ ቀና ሳትል፣ «ልጄ በሰላም መሬት እስክትረግጥ እህል አልቀምስም» አለች።

እኔ ግን ከመሳሌ በፊት አሰላሁ። ልጅቷ በላከችልን ትኬት ላይ ከቶኪዮ መነሻው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ዴልሂ መድረሻው አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ስድስት ሰዓት ማለት ነው። እንዳልሳሳት ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ የግድግዳውን ካርታ ለካሁ፤ ወደ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሆነልኝ። አውሮፕላን በሰዓት ዘጠኝ መቶ ይሄዳል ብዬ ሳካፍለው፣ ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሁለቱ ስሌቶች ስለተስማሙልኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ «እኔም አልቀምስም» አልኩ። ጀግንነቴ ከቁርስ እስከ ምሳ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ልጅቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ልሳፈር ነው፤ ጸልዩልኝ።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ስድስት ሰዓት ምን አላት» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ስልኩ ተቋረጠ።

ምሳ ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓቱ ሞላ። ስልኩ ግን ዝም አለ።

«ፕሮፌሰር፣ የት ደረሰች?» አለች ባለቤቴ።

«እያረፈች ነው።»

ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አሁንስ?»

«ሻንጣዋን እየጠበቀች ይሆናላ።»

«ምን ቢጭኑላት ነው እንዲህ የሚያቆያት?»

የተከለችውን ቁልፍ ቆርጣ አወጣችና እንደ አዲስ ትተክለው ጀመር። ያኔ ያደረግሁት ገባኝ። እሷ ቀኑን ሙሉ ለመጠበቅ ተዘጋጅታ ነበር፤ የምትፈራበትን ሰዓት ለክቼ፣ ቆርጬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጸሎት ጀመርኩ። አንዱን ለልጄ ስል፣ አንዱ ሳላስበው ለሆዴ ይሆንብኛል። በመሃል የደንበኛዬን ሱሪ ቆረጥኩ፤ ሁለቱም እግሮች ግራ ሆነው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ የልጇን ድምፅ ሰምታ «ተመስገን» አለችና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። እኔ ተቀበልኳት።

«የት ቆየሽ አንቺ?»

«የትም አልቆየሁም አባዬ፣ በሰዓታችን ነው የደረስነው። መነሻው በቶኪዮ ሰዓት፣ መድረሻው በዴልሂ ሰዓት ነው እኮ የተጻፈው። ዴልሂ በሦስት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ናት።»

«ርቀቱንም ለክቼዋለሁ» አልኩ፣ በቀላሉ እጅ ላለመስጠት።

«ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር፤ መንገዱም ይዞራል። አብራሪው በአንተ ሜትር አይሄድም።»

ባለቤቴ ሰምታ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ምግቡን አቀረበችና «ብላ፣ ፕሮፌሰር» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ የበላሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በመሃል፣ «ለእረፍት ስትመጣስ፣ ከዴልሂ እኛ ዘንድ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዓይኔ ወደ ካርታው ሄደ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ነው። ሌላ ጉርሻ ጠቅልዬ፣ «ስትደርስ እንጠይቃታለን» አልኩ።