ጀልባዋ ደሴቲቱን ዞራ እስክትመለስ

ባለቤቴ በኮቪድ ታሞ ሆስፒታል ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ጊዜው በፈረንጅ 2021፣ ሰመር የሚሉት የሙቀት ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። ሰው ሁሉ በሽታው አለፈ ብሎ ማስኩን ማውለቅ ጀምሯል። እኔንና ልጄን እንደ ጉንፋን ነካክቶን ተወን። እሱን ግን አልለቀቀውም። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምንተያየው በስልክ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ራሱ ደወለና ትንፋሽ እያጠረው «የመተንፈሻ ማሽን ላይ ሊያደርጉኝ ነው፤ ያስተኙኛል። ስነቃ እደውልልሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

በየቀኑ አንዲት ነርስ እየደወለች ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ኩላሊቱ ትነግረኛለች። ቁጥሩ አይገባኝም። የምሰማው የድምጿን ቃና ነው። ፈጠን ብላ ከተናገረች ዛሬስ ደግ ነው እላለሁ፤ ቀስ ካለች ከፍቷል እላለሁ። ከምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበር የምውለው። ሻወር ስገባ እንኳ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው እገባለሁ።

አርብ ዕለት የደወለው ግን ሐኪሙ ራሱ ነበር። ሳንባው አልሻሻል ማለቱን ገለጸልኝና «በሚቀጥሉት ቀናት ለውጥ ካላየን ቁጭ ብለን መነጋገር ይኖርብናል» አለኝ። ስለ ምን እንደምንነጋገር አልጠየቅኩትም። ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊቱን የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥኩ አነጋሁት።

ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ላይ አባቷ መቼ እንደሚመጣ በየሰዓቱ ትጠይቀኝ ነበር፤ ኋላ ተወችው። ይሄ መተዋ ነው ጓደኞቼን ያሳሰባቸው። ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንደኛዋ ዌርሃውስ አብራኝ የምትሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ፒከሪንግተን የምትኖር ሙስሊም ናት። ሁለተኛዋ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ከእኛ በታች የምትኖር፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ እኔ እትዬ የምላት ሴት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልጅቷን ዙ፣ የዱር እንስሳት ማሳያው፣ ልንወስዳት ነው አሉ።

«ውሰዷት፤ እኔ ግን አልሄድም» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሄድሽ እሷም እሺ አትልም» አለች ጓደኛዬ። «ስልኩ እንደሆነ ኪስሽ ውስጥ ነው። እዚህ ሆነሽ ብታነሺው፣ እዚያ ሆነሽ ብታነሺው ያው ነው።»

እውነቷን ነው። ልጄ ቀድማ ጫማዋን አጥልቃ ነበር።

በጓደኛዬ ቫን ሄድን። ዙው ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው፤ ከሆስፒታሉ ያርቀናል። በሃይዌይ ላይ ያለፍነውን እያንዳንዱን መውጫ እያየሁ፣ እዚህ ጋ ብንመለስ ምን ያህል ይፈጅብናል እያልኩ አሰላለሁ። እትዬ ከኋላ ወንበር ልጄን ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ታስወራታለች። ልጄ በእንግሊዝኛ ትመልስላታለች፤ እትዬ ገባትም አልገባትም «እሰይ» ትላለች።

ውስጥ ከገባን በኋላ ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ ብዙውን አላስታውስም። ሰዉ ግጥም ብሏል። ጋሪ የሚገፋ አለ፣ አይስክሬም የሚልስ አለ። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ያሳያሉ። ልጄ እነሱን ነበር የምታየው፤ እንስሳቱን ሳይሆን አባቶቹን። ጓደኛዬ ይሄን አየችና ጎንበስ ብላ ትከሻዋ ላይ አወጣቻት። ትንሽ ሴት ናት፤ ወገቧን ያማታል፤ ግን አወጣቻት።

አኳሪየሙ፣ የውኃ እንስሳቱ ማሳያ፣ ጨለም ያለ ቤት ነው። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ሆኖ ከበስተጀርባው ውኃ አለ። ውኃው ውስጥ ማናቲ የሚሏቸው፣ በሬ የሚያካክሉ ግራጫ እንስሳት ይንሳፈፋሉ። ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጡና አፍንጫቸውን ብቅ አድርገው ተንፍሰው ተመልሰው ይወርዳሉ። ልጄ መስተዋቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ስታይ ቆየች። ከዚያ ዘወር ብላ፣ መውጣት ቢያቅተውስ ይሞታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ ቶሎ ብላ «አይሞትም የኔ ልጅ፤ ያውቅበታል» አለቻትና እጇን ይዛ ወደ ዓሣዎቹ ወሰደቻት።

እዚያ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጨለማው፣ ቅዝቃዜው፣ የውኃው ብርሃን ደንዘዝ አድርጎኝ ነበር። ወጥተን ፀሐይ ሲመታን ልጄ ጀልባ አለ ብላ ጓደኛዬን እየጎተተች ሄደች። ደሴቶች ነበሩ፤ በዙሪያቸው ቦይ ተቆፍሮ ውኃ ተሞልቷል፤ ደሴቶቹ ላይ ዝንጀሮ መሳይ እንስሳት ይኖራሉ። ጀልባዋ በመካከላቸው ዞራ ትመለሳለች። እትዬ ውኃ ስለምትፈራ አልሳፈርም አለች። ጓደኛዬ ቦርሳዋን ለእትዬ ሰጥታት ከልጄ ጋር ወረፋ ያዘች። እኔ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ያየሁት ያኔ ነው።

አኳሪየሙ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ሆስፒታሉ ሦስት ጊዜ ደውሏል።

መልሼ ደወልኩ። ማሽን አነሳ። ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን ተጫኑ ይላል። ቸኩዬ የተሳሳተ ቁጥር ተጫንኩና ወደ ሌላ ክፍል ወሰደኝ። አንዲት ሴት ልታዛውረኝ ሞከረች፤ ተቋረጠ። እንደገና ደወልኩ። ሙዚቃ ለቀቁብኝ። ደስ የሚል፣ ለስለስ ያለ ፒያኖ ነበር። እስከ ዛሬ የሆነ መሥሪያ ቤት ደውዬ እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ከሰማሁ እዘጋዋለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሙ መጣ። ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው።

«ከጠዋት ጀምሮ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው። ልቡ እየደከመ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ የቤተሰብ ሰው እናስገባለን። በምን ያህል ጊዜ መድረስ ይችላሉ?»

«አሁን» አልኩት። «አሁን እመጣለሁ።»

ብድግ አልኩ። እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። ምን አሉሽ አላለችኝም፤ ፊቴን አይታ ገብቷታል። ወደ ጀልባው መሳፈሪያ ሮጥን። ወረፋው ላይ የሉም። ጀልባዋ ከመድረኩ ተላቃ ወደ ቦዩ መታጠፊያ እየገባች ነበር፤ የልጄን ሮዝ ሸሚዝ ከኋላ አየሁት። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ስልኳ እትዬ ትከሻ ላይ ከተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ጠራ። ቦርሳውን አስፋልት ላይ ዘረገፍነው፤ የመኪናው ቁልፍ የለም። ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ነው።

መሳፈሪያው ላይ የቆመውን ሠራተኛ ለመንኩት። እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ፤ «ባሌ፣ ባሌ» ብቻ ነበር የምለው። ሰውየው ደንግጦ ሬዲዮኑን አንሥቶ ጀልባዋ ላይ ያሉትን አነጋገረ። ጀልባዋ ወደ ኋላ መመለስ እንደማትችል፣ ቦዩ አንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ፣ ዞራ መምጣት እንዳለባት ነገረኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ታክሲ እንጥራ አለች እትዬ። ስልኳ ላይ ፈልጋ ብታይ የሚቀርበው መኪና ጀልባዋ ከምትመለስበት ጊዜ በላይ የሚፈጅ ነበር። ስለዚህ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ጀልባዋ ቦዩ ዳር ከበቀለው ቀርከሃ ጀርባ ጠፋች፤ ቆይታ ከደሴቲቱ ወዲያ ማዶ ብቅ አለች። ሰው በእግሩ የሚሄድበት ፍጥነት እንኳ የላትም። እንስሳቱ ጋ ስትደርስ ጭራሽ ትቆማለች፤ ሰው ፎቶ ያነሳል፤ አስረጂው በማይክሮፎን ይናገራል። ባለቤቴ በዚያች ሰዓት እየሞተ እንደሆነ ይታወቀኛል፣ ዓይኔ እያየ ደግሞ ልጁ ውኃ ማዶ ትስቃለች። ስታየኝ ብድግ ብላ ሁለት እጇን አወዛወዘች። በጣቷ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን እንስሳ እያሳየችኝ ጮኸች።

እኔም እጄን አንሥቼ አወዛወዝኩላት። ምን ላድርግ?

ጓደኛዬ ግን ከዚያ ማዶ አቋቋሜን አይታ አወቀች። ጀልባዋ መድረኩን ሳትነካ በፊት ተነሥታ ነበር። ልጄን አቅፋ ወረደችና ቁልፉን እጇ ላይ እንደያዘች አለፈችኝ፤ ሁላችንም ተከትለናት ሮጥን። ዙው ትልቅ ነው፤ በሩ አልደርስ አለን። ልጄ ገና ዝሆን አላየሁም ብላ ታለቅሳለች።

ጓደኛዬ እየነዳች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አልፎ አልፎ «ያ ረቢ» ሲል እሰማዋለሁ። እትዬ ከኋላ እመቤታችንን ትማጸናለች። እኔ መጸለይ አልቻልኩም። ልጄ ወደ ዳዲ ነው ወይ የምንሄደው አለች። እኔ ብቻ ነኝ የምገባው አልኳት። በእንግሊዝኛ፣ እንግዲያው ጀልባ ላይ እንደወጣሁ ንገሪው አለችኝ።

ሆስፒታል በር ላይ ጓደኛዬ እጄን ጨብጣ «አብሽሪ» አለችኝ።

ጋውን፣ ጓንት፣ ሁለት ማስክ፣ የፊት መከለያ አለበሱኝና ገባሁ። በሆዱ አስተኝተውታል። ፊቱ አብጦ ወደ ጎን ዞሯል፤ በየቀኑ ይላጭ የነበረ ሰው ጢሙ አድጎ አገጩን ሸፍኖታል። መጀመሪያ የተሳሳተ ክፍል ያስገቡኝ መስሎኝ ነበር። ያወቅኩት በጆሮው ነው።

«ይሰማል ብለን ነው የምናምነው» አለችኝ ነርሷ። ድምጿን ለየሁት፤ በየቀኑ የምትደውልልኝ እሷ ናት። «አውሪው።»

ለሦስት ሳምንት ልነግረው ያጠራቀምኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። የቀረኝ የዚያን ቀን ውሎ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ እሱን ነገርኩት። ልጅህ ዛሬ ዙ ሄደች አልኩት። በሬ የሚያህል ነገር ውኃ ውስጥ አየች። ጀልባ ላይ ወጣች፤ አልፈራችም። ዝሆን ሳታይ ተመለስን፤ እሱን አንተ ታሳያታለህ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አወራሁ። እጁ በጓንቱ ውስጥ እንኳ ይቀዘቅዝ ነበር።

ያን ቀን አልሞተም። ሊመሽ ሲል የደም ግፊቱ ከፍ አለ፤ ሐኪሙ ራሱ ገርሞት ነበር። ከዚያ እንድወጣ ተነገረኝ። ለመሰናበት ነበር ያስገቡኝ፤ አልሞት ሲል ደግሞ ሕጉ ተመልሶ ጸና። በማግሥቱና ከዚያም በማግሥቱ ነርሷ ፈጠን እያለች ተናገረች። ቤቱን አጸዳሁ። የሱን አንሶላ ቀየርኩ። ከዚያ በፊት ከነበሩት ሳምንታት ሁሉ የከፉት እነዚያ ቀናት ናቸው፤ ተስፋ አድርጌ ነበርና።

ረቡዕ ጠዋት ሲደውሉ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ወዲያው አነሳሁት። ጓደኛዬ ከሥራ ወጥታ እየበረረች መጣች። ግን ስንደርስ ማሽኑን አጥፍተውት ነበር።

ለልጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። እትዬ አብሬሽ ልሁን ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ወዲያው አላለቀሰችም። በእንግሊዝኛ፣ ጀልባ ላይ እንደወጣሁ ነግረሽዋል ወይ አለችኝ።

«ነግሬዋለሁ» አልኳት።

ምን አለ አለችኝ።

«መናገር አይችልም ነበር።»

ራሷን ነቀነቀችና ተነሣች። ትራሷን አንሥታ ወደ እኔ ክፍል ሄደች፤ አልጋው ላይ አባቷ በሚተኛበት በኩል ተኛች። እኔም ገብቼ አጠገቧ ተጋደምኩ። ገና ቀን ነበር።