በፈራሚ የተደረደሩ ሰርቨሮች

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ክሊኒኮች በነበሩት አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ሰርቨሮቹን ሁሉ ከአዳማ ሆኜ በአንድ ትእዛዝ የማስተካክልበትን ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በሚሠሩት ሥራ ለየኋቸው፤ የሕሙማን መዝገብ የያዙት ለብቻ፣ መሞከሪያዎቹ ለብቻ። ያለ ቦታው የገባ ስም ካለ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ የታዘዘውን ያደርጋል።

ኃላፊያችን ዝርዝሩን አየና ፊቱን አጨማደደ።

"ፈራሚው የታለ? ንብረት ያለ ፈራሚ አይኖርም። በፈረመው ሰው ስም ደርድርልኝ።"

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ለመንኩት። ውሃ ወቀጣ ሆነብኝ። እኛ መሥሪያ ቤት ባልዲ እንኳ የሚታወቀው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በፈረመበት ሰው ነው። ሰለቸኝና እንዳለው አደረግሁ።

መሞከሪያዎቹን ሁሉ ፈርመው የተረከቡት የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ስም ያለውን ሁሉ መሞከሪያ ነው ብዬ፣ ኮምፒውተሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲጭን አዘዝኩ። የቡልቡላ ክሊኒካችንን የሕሙማን መዝገብ የያዘው ሰርቨርም እዚያው ውስጥ ነበር። ክሊኒኩ ሲከፈት የሚረከብ ሠራተኛ ስላልነበረ፣ ሥራ እንዳይቆም ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም።

የቡልቡላዋ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ስትደውል "አካም ጅርታ" ሳትል አትጀምርም። ያን ቀን ሰላምታ የለም።

"ወንድሜ፣ የአንድም ሰው ካርድ የለም! እርጉዞቹ ተሰልፈዋል፣ ምን ልበላቸው?"

መጠባበቂያ ቅጂው የሁለት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ጠፋ።

ስብሰባ ተጠራ። ምን እንደተፈጠረ የጠየቀ የለም። "በማን ስም ነው?" ብቻ። ነገሩ እስኪጣራ የሽማግሌው ክሊራንስ ይታገድ ተባለ፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ጡረታ የለም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "እኔ እኮ ሥራው እንዲሠራ ብዬ ነው የፈረምኩት" አሉ።

ተነሳሁ። "ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ምንም አያውቁም።"

ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላበጠ። "አንተ የፈረምክበት ቦታ የለም። ተቀመጥ።"

እሱን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ግን ያን ጊዜ እፎይ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።