ጀልባ ላይ አይነሳም

ልደታ ተወልጄ ልደታ ላረጀሁ ለእኔ፣ ትልቁ ውኃ ክረምት ሲገባ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የሚጠራቀመው ነው። እሱንም ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ማርያምን ጠርቼ ነው የምሻገረው። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ሲሸልስ ድረስ ሄጄ በባለ ሸራ ጀልባ ከደሴት ደሴት ስዞር የዋልኩት ባሕር ናፍቆኝ አይደለም። ልጄ ለሥራ ሄዳ እዚያው ባል አገኘች።

የሚያገባት ልጅ አባት ዓሣ አጥማጅ ነው። ሽማግሌ ላክ ቢባል በአገሩ እንዲህ ያለ ነገር የለምና፣ ይምጡና ደሴቶቻችንን ላሳያቸው ብሎ መለሰ። ባለቤቴ እሺም እምቢም አላለችም። ሰዎቹን አይቼ እዚያው እናገራለሁ አለች። በቤታችን የእኔ ሥልጣን ሻንጣ እስከ መሸከም ስለሆነ ተሸክሜ ተከተልኩ።

ልጁ ያን ቀን ሥራ ስለነበረው ጀልባዋ ላይ አባቱ፣ እኛ ባልና ሚስትና የምታስተረጉምልን ልጃችን ብቻ ነበርን። የመጀመሪያው ደሴት ላይ ወርደን ጫካ ገባን። አንዲት ነጭ ወፍ እንቁላሏን ባዶ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣ ከጎኑ ቆማለች። ባለቤቴ ቀና ብላ አየቻትና የዚህ አገር ሰውም ጎጆ መሥራት አያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ልጄ ይህን ሳትተረጉም አለፈች። ወረድ ብሎ በርሜል የሚያህል ኤሊ መንገዳችንን ዘግቶ ቅጠል ያኝካል። በዕድሜ ይበልጥሃል ሲሉኝ ኮፍያዬን አነሳሁለት። ባለቤቴ የእሱን አንገትና የእኔን አንገት አስተያየችና፣ "ይሄኛው ግን አያወራም" አለች።

ሁለተኛው ደሴት ስንደርስ መልህቁ ድንጋይ ሥር ተቀረቀረ። ሰውዬው ሸሚዙን አውልቆ ሊያላቅቀው ጠለቀ። እኔና ባለቤቴ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቀረን። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ በእኛው በኩል ጠርዙን ይዞ ብቅ አለ። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቅረት የት ተምረን። ሁለታችንም እኩል ብድግ ብለን፣ "ኖር" አልን።

ልጄ "አባዬ፣ ተቀመጥ" ያለችኝ ጀልባዋ ካጋደለች በኋላ ነው። ባለቤቴ የሸራውን ምሰሶ አቀፈች። እኔ የማቅፈው ባጣ ሰውዬውን አቅፌ ተያይዘን ወረድን። በእኛ ደንብ የወንዱ ወገን ቆሞ ይለምናል፣ የልጅቷ አባት ተቀምጦ ይኮራል። እኔ ቆሜም ተቀምጬም ሳይሆን ተዘቅዝቄ ተገኘሁ።

ሰውዬው በኮሌታዬ ጎትቶ አወጣኝ። ልጄ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏት የእናቷን ፊት ብቻ ታያለች። ሰውዬው ለምን እንደተነሳን ጠየቃት፤ ትልቅ ሰው ስለገባ ነው አለችው። ይህን ሲሰማ ደረቅ ሸሚዙን አልብሶኝ፣ እሱ ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ ወደ መሪው ሄደ።

"ይሄን ሽማግሌ ከባሕር አውጥቶ፣ አልብሶ የመለሰ ሰው ልጄንም አይጥላትም" አለች ባለቤቴ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ባይመልሰውም ቅር ባላለኝ" አለች።

ልጄ የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎመች። ሳቀች፣ ከዚያ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሺ ማለት ልጅቷ እዚያው ትቀራለች ማለት እንደሆነ እኔ የገባኝ ያኔ ነው። ፊቴ በባሕር ውኃ ርሶ ስለነበር የእኔን እንባ ማንም አላወቀብኝም።